ጥልቀቱን ሳይሆን ቅዝቃዜውን ፍሩ፦ በሳን ዋን ደሴቶች መሀል በካያክ

(እዚህ ሲያትል ለሀበሻ ማህበረሰባችን ያደረኩት ንግግር ነው። በጽሁፍ ላክልን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ በተቻለኝ መጠን እንደተናገርኩት ነው ያሰፈርኩት፣ በመጨረሻ ከተጠየቁት ጥያቄዎችም ጥቂቶቹን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። እናቶቼ አባቶቼ፣ ፊት ወንበር ላይ በመቀመጣችሁ ደስ ብሎኛል፣ እንዲያውም ዛሬ በዋናነት የማወራው ለናንተ ነው፣ ለምን ቢባል ይሄን ጉዳይ ባነሳሁ ቁጥር ቀድሞ የሚቆጣኝ የናንተ እድሜ ነው። "አገር ቤት ያልሞትከውን እዚህ መጥተህ ባህር ሊበላህ ነው?" የማይለኝ የለም። ወጣቶቹ ደሞ ከኋላ ሆናችሁ የምታዩት ፎቶውን ብቻ ነው፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ድንኳን፣ ኦርካ (ጥቁርና ነጩ ትልቅ የባህር እንስሳ) ምናምን። እኔ ለሁለታችሁም የምለው አንድ ነው፦ ባህሩን መፍራታችሁ ልክ ነው፣ ግን የምትፈሩት ነገር ሌላ ነው። ጥልቀቱን ትፈራላችሁ፣ ሻርክ ትፈራላችሁ፣ አሳ ነባሪ ይገለብጠናል ትላላችሁ። እዛ ሰፈር ሰው የሚገድለው ቅዝቃዜና ከረንት ነው፣ ከረንት ማለት የውሃው ፍሰት ነው። ሁለቱንም ደሞ ከቤት ሳትወጡ፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላችሁ ወረቀት ላይ ልታነቧቸው ትችላላችሁ።

እሺ፣ መጀመሪያ ቦታው የት እንደሆነ እንግባባ። ከዚህ ወደ ሰሜን አንድ ሰአት ተኩል ገደማ ነድታችሁ አናኮርተስ ትደርሳላችሁ፣ እዛ ፌሪ ትይዛላችሁ። ሳን ዋን ደሴቶች ይባላሉ። ስም የወጣላቸው ደሴቶችና ቋጥኞች ብቻ ከ170 ይበልጣሉ፣ ፌሪው የሚቆመው ግን አራቱ ጋ ብቻ ነው፦ ሎፔዝ፣ ሾ፣ ኦርካስና ራሱ ሳን ዋን። ሌላው ሁሉ የራሱ ጀልባ ላለው ሰው ነው። ስለዚ ሀብታም ጀልባውን ይዞ ይሄዳል፣ እንደኛ ያለው ደሞ ካያክ፣ በመቅዘፊያ የሚሄደውን ጠባብ ጀልባ፣ ይከራያል ማለት ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር የተሻለውን ቦታ የምናገኘው እኛ ነን፣ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ ካስኬዲያ ማሪን ትሬይል የሚባል የውሃ መንገድ አለ፣ ፒዩጀት ሳውንድ ከሚባለው፣ ከዚህ ከሲያትል ባህር ደቡብ ጫፍ ተነስቶ እስከ ካናዳ ድንበር የሚዘረጋ፣ በመንገዱ ላይ ከ50 በላይ የካምፕ ቦታዎች ያሉት፣ እና ቦታዎቹ የተለዩት በመቅዘፊያ ወይም በነፋስ ለሚሄድ ጀልባ ነው። ሞተር ይዞ የመጣ ሰው እነሱ ላይ ድንኳን አይተክልም። ሳን ዋን ደሴት ላይ ካለው ሮች ሃርበር ወደብ አጠገብ ፖዚ የምትባል ደሴት አለች፣ ስፋቷ አንድ ኤከር ገደማ ነው፣ እዚህ ሰፈር ካለው የግሮሰሪ ፓርኪንግ ታንሳለች፣ እሷ ላይ ማደር ትችላላችሁ።

"ሀበሻና ውሃ አይተዋወቅም" ለምትሉኝ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ጣና ላይ ሰው በደንገል ታንኳ እንጨትና እህል ጭኖ ሲሻገር የኖረ ነው፣ ዝዋይ ደሴቶች ላይ የዘይ ህዝብ በጀልባ ገበያ ይወጣል። ስለዚ የማንተዋወቀው እኛ የከተማዎቹ ነን። የዚህ አገር ባለቤቶችም ቢሆኑ፣ ኮስት ሴይሊሽ የሚባሉት ነባር ህዝቦች፣ ለምሳሌ ላሚና ሳሚሽ፣ ከነጭ በፊት ለሺዎች አመታት እነዚህን ደሴቶች ከአንድ ዝግባ በተፈለፈለ ታንኳ ይመላለሱባቸው ነበር፣ በ1989 ደሞ ወደ ሲያትል በታንኳ የመቅዘፉን ጉዞ እንደገና አስነሱት፣ ከዛ በኋላም በየበጋው ማለት ይቻላል ይቀዝፋሉ። ለመዝናኛ ብሎ የጀመረው ኋላ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ቅዝቃዜው። ውሃው አመቱን ሙሉ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መሀል ነው የሚንቀሳቀሰው። አየሩ 25 ዲግሪ በሆነበት የኦገስት ቀን፣ ሰው በካናቴራ ሆኖ አይስክሬም በሚልስበት ቀን፣ ውሃው 10 ወይ 11 ነው። የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ራሱን በረዶ ውሃ ውስጥ እየከተተ ሲያጠና የኖረ ካናዳዊ ነው፣ እሱ ያስፋፋው 1፣ 10፣ 1 የሚባል አባባል አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትወድቁ የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽ ነው፤ ሳታዝዙት አፋችሁ ይከፈትና አየር ትስባላችሁ፣ ትንፋሻችሁ ይቆራረጣል፣ በዛች ቅጽበት ጭንቅላታችሁ ውሃ ስር ከሆነ የምትስቡት ውሃ ነው። ቀጥሎ 10 ደቂቃ አላችሁ፣ ጣትና ክንዳችሁ የሚታዘዛችሁ። ከዛ በኋላ ገመድ መያዝ፣ ዚፕ መሳብ፣ ጀልባ ላይ መውጣት ያቅታችኋል። ራስን መሳት የሚመጣው ከ1 ሰአት ገደማ በኋላ ነው። አያችሁ፣ ሰዉ "በረዶ ሆኖ ሞተ" የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም፣ ያ ሰው እዛ ሰአት ላይ አልደረሰም፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው ያለቀው። ዋና የሚችለውም የማይችለውም እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ላይፍ ጃኬት የሌለው ዋናተኛ ካለው ዋና የማይችል ሰው የባሰ አደጋ ላይ ነው።

ስለዚ ምን ታደርጋላችሁ? ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ነው የምትለብሱት። ዌትሱት (ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ወፍራም የጎማ ልብስ) ወይ ድራይሱት። ድራይሱቱ አንገትና እጅ አንጓ ላይ የጎማ ማጥበቂያ ያለው፣ ውሃ ጨርሶ የማያስገባ ሙሉ ልብስ ነው፣ ከውስጡ ሹራብ ትለብሳላችሁ። ውድ ነው፣ ግን ይከራያል። በበጋ ፀሀይ ትንሽ ያልባችኋል፣ ይላባችሁ። ላይፍ ጃኬቱን ደሞ ጀልባው ላይ አስራችሁ ሳይሆን ለብሳችሁ፣ ቆልፋችሁ። የዋሽንግተን ስቴት ህግ ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ 12 አመትና ከዛ በታች ያለ ልጅ እንዲለብስ ያስገድዳል፣ አዋቂው ይዞ መገኘቱ ብቻ ይበቃዋል ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ እዚህ ጋ ህጉ ለአዋቂው በጣም ለስልሷል።

ከረንቱ ላይ ግን ረዘም አድርጌ ነው የማወራው፣ ምክንያቱም ጨዋታው በሙሉ እዛ ነው ያለው።

ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። በአንዳንድ ቀን በሙላቱና በጉድለቱ መሀል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል። ያ ሁሉ ውሃ ከውቅያኖሱ ዋን ደ ፉካ ስትሬት በሚባለው የባህር መተላለፊያ ገብቶ በደሴቶቹ መሀል ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ነው የሚያልፈው፣ ሰፊው ቦታ ላይ ቀስ ይላል፣ ጠባቡ ጋ ሲደርስ ይሮጣል። በሳን ዋንና በሎፔዝ መሀል ያለው ካትል ፓስ ላይ 5 ኖት የሚደርስበት ቀን አለ። አንድ ኖት በሰአት 1.85 ኪሎሜትር ነው። ጭነት የያዘ ካያክ የሚቀዝፍ ደህና ጉልበት ያለው ሰው 3 ኖት ገደማ ነው የሚሄደው። ሂሳቡን እናንተው ስሩት፦ ከረንቱ 3 ኖት ፊት ለፊት ከመጣባችሁ እያላባችሁ አንድ ቦታ ቆማችኋል፣ 5 ከሆነ እየቀዘፋችሁ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ከኋላ ከመጣ ደሞ ቆሎ እየበላችሁ ትደርሳላችሁ። ያው ሰው፣ ያው ጀልባ፣ ያው መንገድ። ለውጡ የተነሳችሁበት ሰአት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ጂም የሚውል ጎረምሳ አንዳንዴ ከአንዲት የ60 አመት ሴት ኋላ የሚቀረው፣ እሷ ሰንጠረዡን አንብባለች።

ሰንጠረዡ የአሜሪካ መንግስት ኖአ የሚባለው መስሪያ ቤት በነጻ የሚያወጣው ነው። ሁለት ነገር እንዳታምታቱ፣ አንዱ የውሃውን ከፍታ ነው የሚነግራችሁ፣ ሌላው የከረንቱን ፍጥነትና አቅጣጫ። ከፍታው ድንኳን የት እንደምትተክሉ ይነግራችኋል፣ ከረንቱ መቼ እንደምትነሱ። ከረንቱ ከአንዱ አቅጣጫ ወደ ሌላው ሲዞር መሀል ላይ ጸጥ የሚልበት ጊዜ አለ፣ ስላክ ይሉታል፣ መሻገር ያለባችሁ ያኔ ነው። ስላክ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ነው የሚሄደው፣ ስለዚ ትናንት የሰራው ሰአት ዛሬ አይሰራም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ስትጠፋ ከረንቱ ይበረታል፣ ግማሽ ስትሆን ይለዝባል። ፋሲካና ረመዳን በጨረቃ እንደሚወጡ የምታውቁ ሰዎች ስለሆናችሁ ይሄ አይከብዳችሁም።

አንድ መሻገሪያ ላሳያችሁ። ፍራይደይ ሃርበር ከፌሪው ወርደን ጆንስ ደሴት ላይ አድረናል እንበል፣ ቀጣዩ ስቱዋርት ደሴት ነው። መሀሉ ላይ ስፓይደን የምትባል ረጅም ጠባብ ደሴት አለች፣ የግል ናት፣ ደቡቧ መላጣ ሳር ሰሜኗ ጫካ፤ በ1970 አካባቢ ሰዎች ከውጭ አገር የዱር እንስሳ አምጥተው ለአዳኝ ሊያከራዩባት ሞክረው ነበር፣ ንግዱ ከሰረ፣ የእንስሳቱ ዘር ግን እስከዛሬ አለ፣ ከካያክ ላይ ሆናችሁ ቀንዱ የተጠማዘዘ የዱር በግ ሳር ሲግጥ ታያላችሁ። እሱን እያያችሁ ግን ውሃውን እንዳትረሱ፣ ምክንያቱም ስፓይደን ቻናል ላይ ከምስራቅ የሚመጣው ሙላትና ከምእራብ የሚመጣው ሙላት ይጋጠማሉ። ነፋስ በሌለበት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ መሀል ላይ ውሃው ብቻውን ሲፈላ ታያላችሁ፣ ነጭ አረፋ፣ ክብ ክብ አዙሪት፣ ድምጹ ራሱ ከሩቅ ይሰማል።

እዛ ጋ ስትደርሱ መጽሀፍ የማይፈልግ አንድ መሳሪያ አለ። ኬልፕ የሚባል የባህር ሳር ነው፣ ከስር ቋጥኝ ላይ ተጣብቆ በአንድ በጋ ብቻ ከ20 ሜትር በላይ አድጎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ አየር የሞላት ኳስ አለች፣ ከኳሷ ረጃጅም ቅጠሎች ይዘረጋሉ። ቅጠሉ ወደየት እንደተኛ እዩ፣ ከረንቱ ወደዛ ነው። ኳሷ ውሃው ላይ ተንሳፋ ዘና ካለች እየተረጋጋ ነው። ኳሷ ራሷ ተስባ ውሃ ስር ከገባች፣ ከላይ የሚታያችሁ የሚንቀጠቀጥ ግንድ ብቻ ከሆነ፣ አትሂዱ፣ ዳር ያዙና ጠብቁ። ለመጠበቅም ራሱ ኬልፑ ያገለግላል፣ ሁለት ሶስት ግንድ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ ስታስቀምጡት ካያኳን እንደ መልህቅ ይይዛታል። እንደዛ ሆነን ግማሽ ሰአትም ሆነ ከዛ በላይ ቁጭ ብለን አውርተን፣ ተራ በተራ ውሃ ጠጥተን፣ ቅጠሉ ሲላላ ተሻግረናል። ከኋላችን የመጡ ጥንዶች ሳይቆሙ አልፈውን ገቡበት፣ አልሰመጡም፣ ደህና ናቸው፣ ግን ከኛ ኋላ ደረሱ፣ ትከሻቸውን ይዘው።

ነፋሱን በሁለት ቃል ልለፈው። በበጋ ከሰአት በኋላ ከዋን ደ ፉካ በኩል የምእራብ ነፋስ ይነሳል፣ ነፋስና ከረንት ፊት ለፊት ሲገናኙ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ስለዚ በማለዳ ተነሱ፣ ከቀትር በፊት ግቡ። በኦገስት ደሞ ጠዋት ጉም አለ፣ ጉም ካለ ሻይ አፍሉ፣ የትም አትሂዱ፣ መርከብ አለ። ሃሮ ስትሬትና ባውንደሪ ፓስ የቫንኩቨር ጭነት መርከቦች አውራ ጎዳና ነው፣ በሰአት 28 ኪሎሜትርና ከዛም በላይ ይሄዳሉ፣ ሩቅ የነበረው ነገር አጠገባችሁ ለመድረስ ደቂቃዎች ናቸው የሚፈጁበት፣ ካፒቴኑ ደሞ እናንተን አያያችሁም፣ ቢያያችሁም ማቆም አይችልም። ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ያዙ፣ ቻናል 16 የአደጋ ነው፣ የአየር ትንበያው ደሞ ለብቻው በተለዩት የአየር ሁኔታ (WX) ቻናሎች ላይ ይሰማል። ስልክ ላይ አትተማመኑ፣ ስቱዋርት ጋ ስትደርሱ ስልካችሁ "እንኳን ወደ ካናዳ በደህና መጡ" ይላችኋል፣ ሮሚንጉን ካላጠፋችሁት ቢሉን ቤት ስትመለሱ ታዩታላችሁ።

ካናዳ ካልኩ ደሞ፣ ይሄ እኛን ይመለከተናል። ድንበሩ ሃሮ ስትሬት መሀል ነው፣ ውሃው ላይ መስመር የለም፣ ማዶ ያሉት ደሴቶች ቅርብ ይመስላሉ። እዛ ወርዶ ድንኳን መትከል ግን አገር መግባት ነው፣ ሪፖርት ማድረግ ግዴታ ነው፣ ስትመለሱም እንደዛው። ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው በመሀላችን አለ፣ ለሱ ይሄ ከከረንቱ የባሰ አደጋ ነው። በአሜሪካው በኩል ሁኑ።

ያ ድንበር እንዴት እንደተሰመረ ደሞ ሳልነግራችሁ አላልፍም፣ በጣም ነው የሚያስቀኝ። በ1859 ሳን ዋን ደሴት ላይ የእንግሊዞቹ ሃድሰን ቤይ ኩባንያ ንብረት የሆነ አሳማ የአንድ አሜሪካዊ ገበሬ ድንች ሲቆፍር ተገኘ፣ ሰውዬው ተኩሶ ገደለው፣ በዛ ሰበብ ሁለቱም አገር ወታደርና የጦር መርከብ አመጣ። ደሴቲቱ የማናት የሚለው ስላልለየ ነው እንጂ ለአሳማ ብለው አይደለም። አንድ ጥይት ሳይተኮስ ለ12 አመት ያህል አንዱ ጫፍ ላይ እንግሊዝ ሌላው ጫፍ ላይ አሜሪካ ካምፕ ሰርተው ተቀመጡ፣ በዓል ሲሆን እየተጠራሩ ይበሉም ነበር። በመጨረሻ ጀርመናዊው ቄሳር ቀዳማዊ ዊልሄልም ዳኛ ሆኖ በ1872 ለአሜሪካ ፈረደ። አሁን ልብ በሉ፣ በ1868 የናፒየር ጦር መቅደላ አምባ ላይ አጼ ቴዎድሮስን ሲገጥም፣ የዛው መንግስት ወታደሮች እዚህ ደሴት ላይ አትክልት እየተከሉ የአሳማ ክስ ውሳኔ ይጠብቁ ነበር። ሁለቱም ካምፖች ዛሬ ብሄራዊ ፓርክ ናቸው፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ወደ ምግብ እንምጣ፣ እዚህ ላይ እኛ ሀበሾች ማንም አይደርስብንም። ፈረንጆቹ በእቃ መሸጫው የታሸገ የደረቀ ፓስታ በውድ ገዝተው ይመጣሉ። እኛ ድርቆሽ አለን! ክብደት የለውም፣ አይበላሽም፣ በድራይ ባግ፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት፣ ጠቅጥቃችሁ ካያኩ አፍንጫ ውስጥ ትከቱታላችሁ። ቁሌቱን ቤት ትሰሩታላችሁ፣ ሽንኩርቱን በዘይት በደንብ አብስላችሁ በርበሬውን አስገብታችሁ ውሃው እስኪመጥ ድረስ፣ ከዛ ጥብቅ ክዳን ባለው እቃ። ካምፕ ስትደርሱ በትንሿ ጋዝ ውሃ ታፈላላችሁ፣ ቁሌቱን ትለቁበታላችሁ፣ ጨው፣ ድርቆሹን ቆረስ ቆረስ፣ አለቀ፣ አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ ጋዝም አይጨርስም። የፍስክ ከሆነ ቋንጣ ትጨምራላችሁ። የካያክ ወቅት ዋናው ኦገስት ስለሆነ ፍልሰታ ላይ ይውላል፣ ጿሚ ካላችሁ ምንም አትቸገሩም፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ በሶው፣ ቆሎው ሁሉ የጾም ነው፣ የሚቸገረው ቺዝ የለመደው ፈረንጅ ነው። በሶውን ቤት በውሃና በጨው ወይ በማር አሽታችሁ ጭብጦ አድርጉት፣ ሁለት ሶስቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ላይፍ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ክተቱ፣ ውሃው መሀል ላይ መቅዘፊያችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ በአንድ እጅ ትበሉታላችሁ። እኔ ከዚህ የተሻለ የባህር ምግብ አላየሁም፣ የሚሸጡት ጣፋጭ ባር ሁሉ እዚህ አጠገብ አይደርስም።

ቡና? ጀበና ይዛ የመጣች እህት አለች፣ የሸክላ ጀበና፣ በጋቢ ጠቅልላ! ሁላችንም ይሰበራል ብለን ሳቅንባት፣ አልተሰበረም። ጆንስ ላይ ቡናው ሲቆላ ሽታው ወደ ጎረቤት ድንኳን ሄዶ የማናውቃቸው ሰዎች ኩባያቸውን ይዘው መጡ፣ አቦል እስከ በረካ ቁጭ አሉ። የመጠጥ ውሃውን ግን ከቤት ነው የምትጭኑት፣ አብዛኞቹ ደሴቶች ላይ ውሃ የለም፣ ጆንስ ላይ ቧንቧ አለ ግን ሁልጊዜ አይሰራም። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ አስቡ፣ ከባዱን ነገር ደሞ መሀል ላይ፣ ወደ መቀመጫው አስጠግታችሁ።

ሌሊቱን ምግብ ድንኳን ውስጥ እንዳታሳድሩ። ጆንስ ላይ ራኩን የሚባል ትንሽ የዱር እንስሳ አለ፣ ዚፕ ይከፍታል፣ ቋጠሮ ይፈታል፣ በርበሬ አይፈራም። ሁሉንም መልሳችሁ ካያኩ ውስጥ ክተቱና ክዳኑን ጠበቅ አድርጉ። ካያኩን ራሱን ደሞ የሌሊቱ ሙላት ከሚደርስበት በላይ ጎትታችሁ ዛፍ ላይ እሰሩት፣ ባህሩ አምጥቶ የጣላቸው ትላልቅ ግንዶች የተደረደሩበትን መስመር ታያላችሁ፣ ከሱ በላይ ውጡ። ውሃው እስኪጎድል ጠብቀው እታች ላይ ሰፋ ያለ አሸዋ አየን ብለው ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች አሉ፣ ሌሊት ፍራሻቸው ይንሳፈፋል።

ኦርካዎቹን እናያለን ወይ የምትሉ፣ ልታዩ ትችላላችሁ፣ ግን አትከተሏቸው። እዚህ ያሉት ሳውዘርን ሬዚደንት የሚባሉት ቤተሰቦች ከ80 በታች ናቸው የቀሩት፣ ኪንግ ሳልመን የሚባል አሳ ነው የሚበሉት፣ ሳልመኑ አለቀባቸው፣ የጀልባ ድምጽ ደሞ አደናቸውን ያበላሽባቸዋል። በዋሽንግተን ህግ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከነሱ 1,000 ያርድ መራቅ ግዴታ ነው፣ አንድ ኪሎሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ካያክም አይቀርለትም። ድንገት ከመጡባችሁ ወደ ዳር ተጠጉና መቅዘፍ አቁሙ። በቅርብ ማየት የፈለገ ሳን ዋን ደሴት ምእራብ ዳር ያለው "ላይም ኪልን" የሚባለው ፓርክ ላይ ይቀመጥ፣ ቋጥኙ ላይ ሆኖ፣ አንዳንዴ በጣም ተጠግተው ያልፋሉ። እኔ ካያክ ላይ ሆኜ ካየሁት ይልቅ እዛ ቁጭ ብዬ ያየሁት ይበልጥብኛል።

ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹ፦

አንዲት እናት ልጆች ይዞ መሄድ ይቻላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ከደሴት ደሴት መሻገር ያለበትን መንገድ አትምረጡ። ሎፔዝ ላይ ስፔንሰር ስፒት የሚባል ፓርክ አለ፣ በመኪና ተገብቶ የሚታደርበት፣ እዛ ድንኳኑን ተክላችሁ ቀን ቀን በባህር ዳሩ ብቻ እየቀዘፉ መመለስ ነው። ልጅ ሲሰለቸው ወጥቶ ይሮጣል።

አንድ ወንድም፣ "ዋና አልችልም፣ እውነቱን ንገረኝ" አለኝ። እውነቱ ይሄ ነው፦ ዋና የማትችል ሰው በሁለት ሰው ካያክ፣ አስጎብኚ ካለበት ቡድን ጋር፣ ላይፍ ጃኬት ለብሰህ መሄድ ትችላለህ። ግን ከዛ በፊት ገንዳ ውስጥ መገልበጥን ተለማመድ። ወገብህ ላይ ውሃ እንዳይገባ የሚሸፍን ጨርቅ አለ፣ ከፊት ለፊቱ ማንጠልጠያ አለው፣ ጀልባዋ ስትገለበጥ ተዘቅዝቀህ እሱን ፈልገህ መሳብ ነው፣ ከዛ ራስህ ትወጣለህ። ሰው የሚደነግጠው እዛ ውስጥ ታስሬ እቀራለሁ ብሎ ነው፣ አንዴ ካደረከው ድንጋጤው ይለቅሃል። ከወጣህ በኋላ ሁለተኛው ጀልባ መጥቶ ውሃውን ከጀልባህ ደፍቶልህ መልሶ እስኪያስገባህ ያለውን ተለማመዱት፣ ከ10 ደቂቃዋ በታች እስክታደርሱት ድረስ። ሰውየውም ሴትየዋም፣ ዋና የሚችሉትም።

በመጨረሻ አንድ አባት ከፊት ወንበር እጃቸውን አውጥተው፣ "እኔ 67 አመቴ ነው፣ ወገቤም ደህና አይደለም፣ ለኔ የሚሆን አለው?" አሉኝ። አለው አልኳቸው፣ ጋሼ፣ ጉልበቱ ከእጅ አይደለም ከወገብ መዞር ነው፣ ስለዚ መጀመሪያ ደረቅ መሬት ላይ ካያኩ ውስጥ ግማሽ ሰአት ይቀመጡበት፣ እግር ማሳረፊያው በልክዎ ይስተካከል፣ ጀርባዎ ካላመመዎት ይሞክሩት። በየሰአቱ ዳር ይውጡ፣ ይንጠራሩ። አጭሩን መንገድ፣ ከሮች ሃርበር ፖዚ ያለውን ይያዙ፣ ቅርብ ነው። ወሩን ጠየቁኝ፣ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ አልኳቸው። "ቀኑንስ?" አሉኝ። ጨረቃዋ ግማሽ የምትሆንበትን ሳምንት ይምረጡ፣ ስላኩ ማለዳ ላይ የሚውልበትን ቀን።